ማንም ያላጠፋው ሞተር

ሟቹ የተኛ ይመስል ነበር። ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር ላይ ጃኬቱን ተንተርሶ፣ ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተጋድሟል። ጫማውን እንዲህ አስተካክሎ የሚያስቀምጥ ሰው ለመሞት አላሰበም ሲል ኢንስፔክተሩ በልቡ ደመደመ። ወዲያው ደግሞ ለመሞት አስበው ጫማቸውን ያስተካከሉ ሁለት ሰዎች ትዝ አሉትና ድምዳሜውን ተወው።

ድምዳሜ ቶሎ የሚተው ሰው ነበር። ጣቢያው ውስጥ "ድገምልኝ" ብለው ነው የሚጠሩት፣ እሱ በሌለበት። ያልገባውን ገብቶኛል ማለት ስለማይሆንለት፣ የሚያስረዳው አለቃም ሆነ ሌባ "እስቲ ድገምልኝ" ይባላል። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ ብዙ ውሸታም ያጋለጠው ብልህ ሆኖ አይደለም፤ አንድን ውሸት ሦስት ጊዜ ሳያዛንፉ መድገም ከባድ ስለሆነ ብቻ ነው።

ጋራዡ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ የተለጠፈ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያስገባ ክፍል ነው። በሩ ብረት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ብቸኛው መስኮት በካርቶን የተደፈነ። ሟቹ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። መሀል ላይ የቆመችው ግራጫ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ባትሪዋ በሁለት መቆንጠጫ ከቻርጀር ጋር ተያይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕና ደብተር አለ። መደርደሪያው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ውስጥ የመኪናዋ ቁልፍ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ክፍሉ ግን በሩ ከተከፈተ ከሃያ ደቂቃ በኋላም በጭስ ይሸታል።

ሳጅኑ ሞተሩን ነካና ጣቱን እየነፋ ተመለሰ።

"ትኩስ ነው፣ አለቃ።"

"ምን ያህል?"

"እንቁላል ይጠብሳል።"

ሳጅኑ ሐሳቡን ጨርሷል። ሰውዬው ሲሠራ ባትሪው እንዳይደክም ሞተሩን አስነሳ፣ ክፍሉ ዝግ ነው፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታም ቀዳዳ ነው፣ ጭሱ ገደለው። አደጋ ነው። ወረቀቱን ሞልተን ምሳ እንብላ ማለቱ ነበር፤ ምሳውን በአፉ አላነሳውም እንጂ።

የምርመራ ሐኪሙ ግን ምሳውን አበላሸው። ከሬሳው ተነስቶ ጓንቱን እያወለቀ፣ ጭስ መሆኑ እውነት ነው አለ፤ ከእንቅልፉም አልነቃም። ግን ሰውዬው ቢዘገይ ቢዘገይ ከአምስት ሰዓት ከሩብ አላለፈም። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ከሃያ። እንቁላል የሚጠብስ ሞተር ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም።

"እስቲ ድገምልኝ" አለው ሐኪሙን።

ሐኪሙ ደገመለት። ሟቹ ከሞተ በኋላ ሞተሩ ቢያንስ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሠርቷል። ከዚያ አንድ ሰው አጥፍቶታል። ቁልፉንም ወደ ብስኩት ቆርቆሮው መልሷል።

በሩ ደግሞ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር። የጓጉንቸሩ ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም የሟቹ ሚስት አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሏል።

ባለቤቱ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ አርባውን የተሻገረች ሴት ነች። ጣቢያው ውስጥ ያለ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ሳጅኑ ይህንንም በደብተሩ ላይ አሰፈረባት። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እቤት ነበረች። በሦስት ሰዓት ባሏን ቆለፈችበት፣ በስድስት ሰዓት ከፈተች። በመሀል ልብስ አጠበች። ሞተር አልሰማችም፤ ጎረቤቱ አናጢ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዙን ሲያስጮህ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም።

"እህቴ፣ ሴት በባሏ ላይ ለምን ትቆልፋለች?" አላት ኢንስፔክተሩ።

"እሱ ነው ቆልፊብኝ የሚለኝ።"

"ድገሚልኝ።"

ደገመችለት፤ በቃሏም በነገሯም ሳትዛነፍ። ባሏ የመኪና የመገናኛ ሳጥን ፕሮግራም ሲያደርግ ሰው መግባት የለበትም። ሥራው መሀል ላይ እያለ የመኪናው በር ከተከፈተ ሁሉም ነገር ይነቃና ሳጥኑ ይበላሻል። ከሁለት ዓመት በፊት የባሏ ታላቅ ወንድም በመኪናው ሬዲዮ ዜና ልስማ ብሎ ገብቶ በሩን ከፈተ። ሳጥኑ በዚያው ቀረ፤ የሰው መኪና ሦስት ሳምንት እንደ ሐውልት ቆመች። ከዚያ ወዲህ ትቆልፋለች።

"ከውስጥ መቀርቀር አይችልም ነበር?"

"ወንድምዬው መቀርቀሪያውን ከውጭ በሽቦ ይከፍተዋል። ጓጉንቸር ሲያይ ግን ይመለሳል።"

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ባሏ ወዲያው አይወጣም። ግንኙነቱ እንደማይቋረጥ ለማረጋገጥ መኪናውን እስከ ስድስት ሰዓት እንዳለ ይተወዋል፤ እሱም የመስሚያ መሣሪያውን ከጆሮው አውጥቶ ኪሱ ይከትና ይተኛል። ያለ መሣሪያው መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ደንበኞች ይህን አያውቁምና ብረቱን እየደበደቡ ያስቸግሯታል። የዚህችኛዋ መኪና ባለቤት፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ባለፈው ሳምንት ለፍተሻ አምጥቷት እጁ እስኪቀላ ደብድቦ ነበር፤ ተኝቷል፣ አይሰማም፣ ተቆልፎበታል፣ በስድስት ሰዓት ይምጡ ብላ መለሰችው። ለሁሉም የምትለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለች። "ጋሼ" አለችው፣ "ባልቆልፍበት ኖሮ ይወጣ ነበር?"

ኢንስፔክተሩ አላውቅም አላት። እውነቱን ነበር። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት መቅረብ አለባት፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች። ይህንንም ነገራት። ገባኝ አለች፤ ሐሳቧ ግን አሁንም የራሷ ጥያቄ ላይ እንደሆነ ያስታውቃል።

ታላቅ ወንድምየው ጣቢያው በር ላይ ሳይጠሩት ቀርቦ ነበር። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ሴትዮዋ ድሮም ቀዝቃዛ ናት አለ። ወንድሜን እንደ ዶሮ እየቆለፈች ኖረች፣ መጨረሻው ይኸው ነው አለ። እሱ በዚያን ቀን የት እንደነበረ ሲጠየቅ ባርኔጣው ቆመ። ለካ ጠዋት መጥቶ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ በጓሮ በኩል ገብቶ ጓጉንቸሩን አይቶ ተመለሰ።

"ሞተር ሰማህ?"

"ያኔ መጋዙም ሻይ ላይ ነበር። ጸጥ ያለ ነው።"

"ለምን መጣህ?"

"ልጠይቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ጓጉንቸሩን አይቼ እመለሳለሁ።"

ሳጅኑ ተጠርጣሪ ነው ብሎ ጻፈ። ኢንስፔክተሩ የሚጽፈው ነገር አጣ። ሰውዬው ሽቦ ይዞ መቀርቀሪያ መክፈት ይችላል፤ ጓጉንቸር ግን አይችልም። ብትከፍትለት ብቻ ነው። ሁለቱ ደግሞ ተስማምተው አንድ ሰው ሊገድሉ ቀርቶ ተስማምተው በር የዘጉበት ቀን የለም።

መንገዱ ጫፍ ላይ ሌላ ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ሠፈሩ "ሽቦ" ይለዋል፣ ቅጥነቱም ሙያውም ስለሚስማማ። ሟቹ ደንበኞቹን ሁሉ ወስዶበታል ተብሏልና ሳጅኑ ተስፋ አድርጎበት ነበር። ሽቦ ግን ከአንዲት ታክሲ ሥር ወጥቶ ዜናውን ሲሰማ ቅባታም እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ቀኑን ሙሉ ሦስት ደንበኛ አጠገቡ ነበሩ። ተስፋው እዚያው ሞተ።

ኢንስፔክተሩ መኪና የለውም፤ ስልኩም ቁልፉ የሚጫን ዓይነት ነው። ጎማ ላይ ተቀመጠና፣ ይህ ፕሮግራም ማድረግ የምትሉትን ነገር ለሕፃን እንደምታስረዳ አስረዳኝ አለው።

"ጋሼ፣ ቤት ውስጥም ይሠራል፤ ጥንቃቄው ግን እንደ ቀዶ ሕክምና ነው" አለ ሽቦ አፍንጫውን እየጠረገ። "መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የድሮ መዝገብ ይቀዳል። አዲሱ ቢበላሽ መመለሻ እንዲኖር። ከዚያ ባትሪው ከማይዋዥቅ ቻርጀር ጋር ይያያዛል። ኃይሉ መሀል ላይ ቢወርድ ሳጥኑ ግማሽ አእምሮውን ይዞ ይቀራል። ላፕቶፑም ግድግዳ ላይ ይሰካል። በር አይከፈት፣ መብራት አይበራ፣ ሞተር አይነሳ።"

"ሞተር አይነሳም?"

"ቁልፉ ይከፈታል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ቻርጀሩ የተገዛው ለዚያ አይደል? ሲያልቅ ቁልፉ ይዘጋና ይርቃል።"

የሳጅኑ አደጋ እዚህ ላይ አለቀለት። ቻርጀር የሰካ ሰው ለባትሪ ብሎ ሞተር አያስነሳም። ቁልፉን ቆርቆሮ ውስጥ የከተተ ሰው ደግሞ ሥራውን ጨርሷል። ደብተሩም ይህንኑ ይላል፤ ሟቹ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እያንዳንዱን እርምጃ ከነሰዓቱ አስፍሯል። ሦስት ከአሥር፣ የድሮው ተቀዳ። ሦስት ከሃያ፣ ተጀመረ። አራት ከአሥራ አራት፣ አለቀ፤ የባለቤቱ ስልኮች እንደነበሩ ተመለሱ፤ ተገናኘ። ለደንበኛው ተነገረ። እስከ ስድስት ይቆይ።

"ሳጥኑ ግን ሥራው ምንድን ነው?"

ሽቦ ነገረው። መኪናዋ ከውጭ ጋር የምትነጋገርበት ነው። ብትጋጭ ለእርዳታ ትደውላለች፣ ብትሰረቅ ያለችበትን ትናገራለች፣ የሄደችበትን ትመዘግባለች፣ ባለቤቷ በስልኩ በሯን ይከፍታል ይዘጋል፣ ጠዋት እንድትሞቅ ከመኝታው ሆኖ ያስነሳታል።

"ድገምልኝ።"

ሽቦ ደገመ። ኢንስፔክተሩ አሁንም ጭንቅላቱ ውስጥ እርዳታውና ሌባው ተደባለቁበትና ሦስተኛ ጊዜ አስደገመው። በሦስተኛው "ከመኝታው ሆኖ" የሚለው ላይ እጁን አነሳ።

"ቁልፉ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ?"

"ቁልፉ ባሕር ውስጥ ቢሆንም። አሥራ አምስት ደቂቃ ትሠራና ራሷ ትጠፋለች። ደግሞ ከተጫኑት ደግማ ትነሳለች።"

የጥርስ ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ሐኪሙ ረጋ ያለ፣ ንጹሕ ጥፍር ያለው፣ "እርስዎ" ሲል ሰውን የሚያስቀምጥ ሰው ነው። በኤሌክትሪሺያኑ ሞት አዘነ። ሳጥኑ ግንኙነቱ እየተቆራረጠ ስላስቸገረው ከፋብሪካ እንደወጣ አድርገህ አድስልኝ ብሎ ነው መኪናዋን የሰጠው። ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ታካሚ ወንበር ላይ ነበር፤ ሁለት መንጋጋ ነቅሏል። ስልኩን ሳይጠየቅ አውጥቶ ሰጣቸው። ሳጅኑ እዚያው ገለበጠው። በአራት ሰዓት ከአሥራ አራት "መኪናዎ ተገናኝቷል" የሚል መልእክት ደርሶታል፤ ከዚህ ስልክ ግን በዚያን ቀን ሞተር አስነሺ የሚል ትእዛዝ አልወጣም።

ታካሚውን በስልክ አገኙት። ማደንዘዣው ገና አለቀቀውም፤ ኢንስፔክተሩ ለአንድ ጊዜ እንኳ "ድገምልኝ" ማለቱ ያለ ጥፋቱ ሆነ። በአራተኛው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የዶክተሩ እጅ አፌ ውስጥ ነበር ማለቱ ተሰማ።

ኢንስፔክተሩ ወደ እንግዳ መቀበያው ወጥቶ ተቀመጠ። ተስፋ ቆርጦ ሳይሆን እግሩ ደክሞት ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ካርዶች እየደረደረች አየችውና ውኃ ሰጠችው። ኤሌክትሪሺያኑን ታውቀው እንደሆነ ጠየቃት። በድምፅ ብቻ አለች፤ ዛሬ እንኳ ደውሎ ነበር። ዶክተሩ ጓንት ላይ ስለነበረ መልእክቱን እሷ ተቀብላ አደረሰች።

"ምን ነበር ያለሽ?"

"መኪናዋ አልቃለች፣ ልተኛ ነው፣ በስድስት ይምጣ። የድሮውን ሳላጠፋ ቀድቼ አስቀምጫለሁ፤ ውስጡ የከባድ ግጭት ምልክት አለና ሲመጣ አብረን እንየው። እኔ እንደሰማሁት ነው የነገርኩት።"

"ዶክተሩስ ምን አለ?"

"እሺ አለ። ጓንቱን አወለቀና ደወለ። ለባለቤቱ ነው።"

"ስንቴ ደወለ?"

"አንዴ። ደቂቃም አልሞላ።"

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወጣ። ደረጃው ላይ ሳጅኑ ምን ተገኘ ቢለው፣ አላውቅም፣ አንድ ሰው ለሚስቱ ደውሏል አለው።

እሑድ ጠዋት የቴክኒክ ክፍሏ ባለሙያ የሟቹን ላፕቶፕ ከፈተች። ቅጂው በሥርዓት ተቀምጧል። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ መኪናዋ አንድ ነገር በከባዱ መትታለች። ሃምሳ ሰከንድ ቆማለች። ከዚያ ሄዳለች። የቦታው አድራሻ ሲነበብ ሳጅኑ ከወንበሩ ተነሳ፤ መዝገቡ ከእሱ ጠረጴዛ ሁለት ሜትር ርቆ መሳቢያ ውስጥ ነበር። የመንገድ ጠራጊዋ፣ የሦስት ልጆች እናት። ገጭቶ ያመለጠው ያልታወቀ።

ባለሙያዋ መኪናዋ ላይ ካለው ሳጥን ደግሞ የቅዳሜውን አወጣች። ሞተሩ አራት ጊዜ ከሩቅ ተነስቷል። አራት ከአርባ፣ አራት ከሃምሳ ስድስት፣ አምስት ከአሥራ ሁለት፣ አምስት ከሃያ ስምንት። ለመጨረሻ ጊዜ የጠፋው ለስድስት ሩብ ጉዳይ ገደማ ሲሆን፣ ያጠፋውም ሰው የለም፤ ጊዜው ሲሞላ ራሱ ቆመ። ትእዛዙ ሁሉ የመጣው ከመኪናዋ ጋር ከተመዘገበው ሁለተኛ ስልክ ነው።

የጥርስ ሐኪሙ ቤት ሲደርሱ ባለቤቱ መስኮት እየወለወለች ነበር። ባሏ እንደሌለ፣ ጠዋት በእግሩ እንደወጣ ነግራ አስገባቻቸው። ደስ የሚል ፊት አላት። ስለ መኪናዋ ሲጠይቃት ስልኳን ከመጎናጸፊያዋ ኪስ አወጣች።

"ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማስነሳለት" አለች። "እሱ ጫማውን ሲያስር መኪናዋ ሞቃ ትጠብቀዋለች።"

"ትናንትስ?"

"ትናንትማ ከክሊኒክ ደወለልኝ። ሠሪው ሞተሯ እንድትሠራ ይፈልጋል፣ ባትሪዋ እንዲሞላ፤ ስትጠፋ ደግመሽ አስነሺያት፣ አንድ ሰዓት ያህል አለኝ። አራት ጊዜ ሆነ መሰለኝ። መጀመሪያ እምቢ የምትል መስሎኝ ነበር፣ አዲስ ስለተሠራች። ግን ወዲያው ነው የተነሳችው። ይኸው፣ እዩት።"

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረች። ኢንስፔክተሩ አየ። አንድ ክብ ቁልፍ ነው፤ አረንጓዴ።

"ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽውም?"

"እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ ብዬ?" አለች። የሁለቱን ፖሊሶች ፊት አይታ ጨርቁን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። "ምነው፣ ተበላሸች እንዴ?"

ሳጅኑ ወደ መሬት አየ። ኢንስፔክተሩ እንድትቀመጥ አደረጋትና ነገራት። በአጭሩ ነገራት፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ሁለቱን ጊዜ እንዲደግምላት የጠየቀችው እሷ ናት።

ባሏን ከሰዓት በፊት ያዙት። መናፈሻ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጄ ሰው አፍ ውስጥ ነበር አለ እንደገና፤ ኢንስፔክተሩም አዎ፣ ነበር አለው። ጠራጊዋን የገጨህበት መዝገብ እንዳይታይ ነው፣ ቅጂውንስ እንዴት ልትወስደው ነበር ሲለው፣ ሐኪሙ ንጹሕ ጥፍሮቹን አየ። በኋላ፣ በስድስት ሰዓት መኪናዬን ልወስድ ስሄድ ላፕቶፑን አብሬ እወስደው ነበር፣ ግን ፖሊስ ቀደመኝ አለ። ይህን የተናገረው ስለ ታክሲ መዘግየት እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ኢንስፔክተሩ ወደ ማረፊያ ክፍሉ የሄደው ራሱ ነው። የሟቹ ባለቤት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የተቆለፈውን ከፍቶ ገባና በሩን ክፍት ተወው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። ባሏ በእንቅልፉ እንዳለ፣ ጭሱንም ሳያውቀው እንደሄደ፣ ወደ በሩ አንድ እርምጃ እንዳልተራመደ። የምርመራ ሐኪሙ ጽፎ የፈረመበት ነው አላት። ጓጉንቸሩ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነበር።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ስለዚህ አዎ።"

አሁን አለቀሰች። ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሰማ፤ የትናንትናውን ጽሑፍ ደብተሩ ላይ ሰረዘው። ወንድምየው ደግሞ ከውጭ በር ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። ወደ ቤት ላድርስሽ ሊላት መጥቷል።

"ያቺ ሴትዮ" አለች ፊቷን ጠርጋ፣ "ምን የምታደርግ መስሏት ነበር?"

"መኪና የምታሞቅ።"

"ባሏ ስላላት።"

"ባሏ ስላላት።"

ኢንስፔክተሩ የመጣበትን ሌላ ነገር ቢያቆየው ወደደ፤ ግን ለጥርስ ሐኪሙ ሚስት ቃል ገብቶ ነበር። ሴትዮዋ ካስቀመጥኳት ቦታ አልተነሳችም፤ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ልታይሽ ትፈልጋለች፣ እምቢ ብትዪ ማንም አይፈርድብሽም አላት።

ባለቤቱ ተነስታ ሻርፗን አስተካከለች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ትምጣ" አለች። "ጠዋት ትምጣ በሉልኝ። ከሰዓት ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይበዛል፣ አንነጋገርም።"